ማን መዘነው? ስለ ጥይት መሙያ ሠንጠረዦች ታማኝነት የቀረበ አስተያየት

አንድ ቁጥር በመጽሐፍ ታትሞ ሲገኝ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። የታተመ ሁሉ የተረጋገጠ ይመስላል፤ በሠንጠረዥ ተሰልፎ የታተመማ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይከበራል። ይህን ልማድ ለመንቀፍ ያነሣሣን በክፍል ውስጥ የቀረበ ጥያቄ ሳይሆን፣ በአሜሪካን አገር በኮሎራዶ የሚኖረው አጎታችን በስልክ ያቀረበልን ጥያቄ ነው። አጎታችን በየዓመቱ ፈቃድ እያወጣ አጋዘን ያድናል። በዚያ አገር ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች እንደሚያደርጉትም፣ የተተኮሰበትን ቀለህ ሰብስቦ በቤቱ እንደገና ለመሙላት አሰበና ሦስት መጻሕፍት ገዛ። ሦስቱም 30-06 ለተባለው ጥይት፣ ክብደቱ አንድ ለሆነ አረርና «4350» ለተባለ ባሩድ ሦስት ልዩ ልዩ መጠን ይሰጣሉ። «እናንተ ሳይንስ ተምራችኋል፤ እስቲ የትኛውን ልመን?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የናሱ ቀለህ፣ በቀለሁ ቂጥ የተተከለው ትንሽ መለኮሻ፣ ባሩዱና ከፊት ያለው አረር ናቸው። ቃታው ሲሳብ መለኮሻው ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ባሩዱም በሺህኛ ሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ወደ ጋዝ ተለውጦ አረሩን በአፈሙዙ ያስወጣል። በዚህች አጭር ጊዜ የሚነሣው ግፊት፣ ለምሳሌ 308 ዊንቸስተር በተባለው ጥይት፣ እስከ 62,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች እንዲደርስ ተፈቅዷል። የመኪና ጎማ ግፊት 30 ፓውንድ ያህል መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ተኳሹ ጉንጩን ያስደገፈው ከጎማው ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት ላይ መሆኑን ይረዳል። ከዚህም በቀር ባሩዱ ሲጨመር ግፊቱ ሁልጊዜ በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ከወሰኑ አጠገብ ሲደርስ ጥቂት ግሬን ግፊቱን እጅግ ሊያንረው ይችላል። አንድ ግሬን ማለት ደግሞ የፓውንድ 7,000ኛ እጅ ነው፤ 65 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በዚህ ዐይነቱ ሠንጠረዥ ላይ የሚደረግ ስሕተት ዋጋው በፈተና ነጥብ አይከፈልም፤ በዐይንና በእጅ ይከፈላል።

በአገራችን ጥይት ከባሩድነቱ ሌላ ታሪክ እንዳለው ይታወቃል። ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበረ። በቤት ውስጥ በመጽሐፍ እየተመሩ ጥይት መሙላት ግን በተለይ በአሜሪካን የተስፋፋ ሥራ ነው። በእኛ አገር የጦር መሣሪያን ነገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛው ስለ ሆነ፣ ዓላማችን ሥራውን ለማስተማር አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የአንድም ጥይት የባሩድ መጠን አይገኝም። የምንነቅፈውም የምናመሰግነውም መጻሕፍቱንና አነባበባቸውን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የደረሰብንን አንድ ነገር መጥቀስ ይጠቅማል። የመዳብ ሰልፌት ብጥብጥ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። እኛም ራሳችን ማስላቱን ትተን፣ ከእኛ በፊት ከነበረ ተማሪ ደብተር «16 ግራም ለአንድ ሊትር» የሚል ቁጥር ቀዳን። ብጥብጡ ከታዘዘው ሳስቶ ተገኘ። መምህራችን ደብተሩን አገላብጦ አየና «ይህን ቁጥር ማን መዘነው? የመዘነውስ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ያ ተማሪ የመዘነው ውሃው የወጣለትን ነጩን ዱቄት ነበር። እኛ ሚዛን ላይ ያስቀመጥነው ደግሞ ውሃ ያዘለውን ሰማያዊውን ጨው ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው 25 ግራም ያህል ነበር። ስሙ ያው አንድ ነው፤ ቁጥሩም በቦታው ትክክል ነበር። የተሳሳትነው ቁጥሩን ከተመዘነው ነገር ነጥለን የወሰድነው እኛ ነን። ያኔ የከሰርነው የግማሽ ቀን ድካም ብቻ ስለ ሆነ ተሳስቀን አለፍነው።

የአጎታችንን መጻሕፍት ገጾች በፎቶግራፍ አስልከን ስንመረምር ይህ የመምህራችን ጥያቄ ከአእምሯችን አልጠፋም። የደረስንበትም አሳብ የሚከተለው ነው። በጥይት መሙያ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር የጥይቱ ጠባይ አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጠመንጃ ወይም በአንድ መፈተኛ አፈሙዝ ያደረገው ሙከራ ምስክርነት ነው። ስለዚህ የሚታመነው ሠንጠረዥ ስመ ጥር ኩባንያ ያሳተመው በመሆኑ ወይም ትልቅ ፍጥነት ተስፋ በመስጠቱ አይለይም። የሚለየው ሙከራው በምን እንደ ተደረገ በመናገሩ ነው። የማይናገር ሠንጠረዥ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ አንባቢው ያንን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።

ከስም እንጀምር። በአሜሪካን ገበያ ኤች 4350፣ አይ ኤም አር 4350 እና አኩሬት 4350 የሚባሉ ባሩዶች ይገኛሉ። ቁጥሩ አንድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አንድ ባሩድ ይመስሉታል፤ ነገር ግን የተለያዩ ምርቶች ናቸው፤ የአንዱ መጠን ለሌላው አይሆንም። የ4895ም ነገር እንዲሁ ነው። ብሩስ ሆጅዶን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመንግሥት የተረፈውን 4895 የተባለ የጦር ሠራዊት ባሩድ ገዝቶ ለሲቪል ሰዎች መሸጥ ጀመረ። ከጊዜ በኋላም በኤች 4895 ስም አዲስ የተሠራ ባሩድ ቀረበ። የሆጅዶን ኩባንያ በ2003 የአይ ኤም አርን ባሩዶች በእጁ ቢያደርግም፣ ሁለቱን 4895ዎች እስከ ዛሬ በየራሳቸው መስመር ያትማቸዋል እንጂ አያደባልቃቸውም። በተቃራኒው ደግሞ ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296 በሁለት ስም የሚሸጡ አንድ ባሩድ ናቸው። ሆኖም በቆዩ መጻሕፍት ለሁለቱ የተለያየ ወሰን ታትሞ ይገኛል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲመዘን ሁለት መልስ መስጠቱ፣ ቁጥሩ የሙከራ ምስክርነት እንጂ የባሩዱ ጠባይ አለመሆኑን ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያስረዳል።

ቀጥሎ የግፊቱ አለካክ ይመጣል። በአሜሪካን የግፊትን ወሰን የሚደነግገው በ1926 የተቋቋመው የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም፣ በአጭሩ ሳሚ የሚባለው ነው። በአውሮፓ ደግሞ በ1914 የተመሠረተው ሲ አይ ፒ የተባለው ቋሚ ኮሚሽን አለ። በቀድሞው ዘዴ ጋዙ አንዲት ትንሽ የመዳብ ቁራጭ እንዲጨምቅ ይደረግና ቁራጯ ምን ያህል እንዳጠረች ይለካል። በአዲሱ ዘዴ ግን ግፊቱ በክሪስታል ላይ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘገባል። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ልኮች አንዱን ወደ ሌላው እንደ ኪሎሜትርና ማይል የሚመነዝሩ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን ለማየት ሁለት ጥይቶችን ማነጻጸር ይበቃል። ለ308 ዊንቸስተርና ለ223 ሬሚንግተን በመዳቡ ልክ የተወሰነው ወሰን አንድ ነው፤ 52,000 ነው። በኤሌክትሪኩ ልክ ግን የመጀመሪያው 62,000፣ የሁለተኛው 55,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። አንድ የነበረው ቁጥር በሌላው መለኪያ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በየትኛው ዘዴ እንደ ለካ ሳይናገር «ግፊቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ሠንጠረዥ ምንም እንዳልተናገረ ይቈጠራል።

አረሩና ቀለሁም ዝም ሊባሉ አይገባቸውም። የአረር ክብደት ብቻውን በቂ መግለጫ አይደለም። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን መዳብ 9 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከንጹሕ መዳብ የተሠራ አረር ክብደቱ ከእርሳሱ ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ይረዝማል። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ካልተለወጠ ትርፉ ርዝመት ወደ ውስጥ ይገባና የባሩዱን ቦታ ያጠብበዋል። ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይነሣል። ለጦር ሠራዊት የተሠራ ቀለህም ግድግዳው ብዙ ጊዜ ወፈር ስለሚል ውስጡ ጠባብ ነው። የመለኮሻው ዐይነት፣ የጥይት መጉረሻው ስፋት፣ የአየሩም ሙቀት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በዚህ መመዘኛ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እንመልከት። የላይማን መጽሐፍ፣ በተለይ 50ኛው እትም፣ የአብዛኛውን ሙከራ መሣሪያ ከሠንጠረዡ አጠገብ ያሰፍራል፤ አፈሙዙን፣ ቀለሁን፣ መለኮሻውንና የጥይቱን ርዝመት ይናገራል። ግፊቱንም ያትማል። ከአንድ አምራች ብቻ ሳይሆን ከብዙ አምራቾች የመጡ አረሮችን ስለ ሞከረ ለአንድ ወገን ያደላ አይመስልም። ጉድለቱ በገበያ ያለውን አረር ሁሉ ሊያዳርስ አለመቻሉ ነው፤ ይህ ግን የሐቀኛ ምስክር ጉድለት ነው፤ ያላየውን አይናገርምና።

የሆጅዶን ሠንጠረዥ ከባሩድ አምራች የመጣ ነው። መነሻና ወሰን የሆነውን መጠን፣ ፍጥነቱን፣ ግፊቱንም ከመለኪያው ስም ጋር ያሳያል። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ የተለካው በመፈተኛ አፈሙዝ ስለ ሆነ፣ አዳኙ በራሱ አጭር ጠመንጃ ያንኑ ፍጥነት ቢፈልግና ባያገኘው ባሩድ ለመጨመር ሊፈተን ይችላል። ጥፋቱ ያን ጊዜ የሠንጠረዡ ሳይሆን የአንባቢው ነው።

ሆርናዲ የአረር አምራች ነው፤ መጽሐፉም የራሱን አረሮች ይመለከታል። የተተኮሰበትን ጠመንጃ፣ የአፈሙዙን ርዝመት፣ ቀለሁንና መለኮሻውን በግልጽ ይጽፋል። ሆኖም ግፊቱን አያትምም፤ ክብደታቸው አንድ የሆነ በርካታ አረሮችንም በአንድ ሠንጠረዥ ያጠቃልላል። አንባቢው «ወሰን» የሚለውን ቃል በአታሚው እምነት ይቀበላል እንጂ ራሱ ሊመዝነው አይችልም። እኛ በዚህ ረገድ ከላይማን ዝቅ እናደርገዋለን፤ ነገር ግን የሆርናዲን አረር ለሚጠቀም ሰው ያንኑ አረር በእርግጥ የሞከረ ምስክር መሆኑን አንክድም።

የሪቻርድ ሊ መጽሐፍ ከእነዚህ የተለየ ነው። ስለ ሥራው ዘዴ የሚሰጠው ማብራሪያ ለጀማሪ ግልጽ ነው፤ ሠንጠረዦቹ ግን በአብዛኛው ከባሩድ አምራቾች የተሰበሰቡ ናቸው። አረሩ ብዙ ጊዜ በክብደቱና በዐይነቱ ብቻ ይጠራል፤ የማን አረር እንደ ሆነ አይነገርም። ሰብስቦ ማቅረብ ነውር አይደለም፤ ጠቃሚ ነው። አደጋው የሚመጣው አንባቢው የባሩድ አምራቹን ሠንጠረዥና የሊን መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁለቱ ተስማሙ፤ ስለዚህ ተረጋገጠ» ሲል ነው። አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ቢናገር ሁለት ምስክር አይሆንም። ይህን ስሕተት እኛ ተማሪዎችም ከአንድ ምንጭ የቀዱ ሁለት መጻሕፍትን እየጠቀስን በየጥናታችን እንፈጽመዋለን።

በተኳሾች ዘንድ ከሚነገሩት ልማዶች ሦስቱን ሳንነቅፍ አናልፍም። የመጀመሪያው «መጻሕፍቱ ከተለያዩ አማካዩን ውሰድ» የሚለው ነው። አማካዩን የመዘነው ማንም የለም። አንዱ በመዳብ አረር፣ ሌላው በእርሳስ አረር ከተሞከረ፣ መካከላቸው ያለው ቁጥር የየትኛውም አረር አይደለም። ሁለተኛው «ከወሰኑ አሥር በመቶ ቀንሶ መጀመር ሁልጊዜ ይበጃል» የሚለው ነው። ለብዙ ባሩድ መልካም ጥንቃቄ ቢሆንም፣ ሁልጊዜ የሚለው ቃል ያበላሸዋል። ለኤች 110 አምራቹ ራሱ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ባሩድ እጅግ ሲያንስ አቀጣጠሉ ይዛባልና። ሠንጠረዡ የራሱን መነሻ ካተመ የእኛን ሒሳብ በእርሱ ላይ መጫን አያስፈልግም። ሦስተኛው «አዳዲሶቹ መጻሕፍት መጠኑን የቀነሱት ጠበቆችን ፈርተው ነው፤ እውነቱ በአሮጌዎቹ ነው» የሚለው ነው። የአታሚዎችን ልብ አናውቅም። የምናውቀው መለኪያው መሻሻሉን፣ በአንድ ስም የሚሸጥ ባሩድም በጊዜ ብዛት የሚሠራበት ፋብሪካ ሊለወጥ መቻሉን ነው። ፊሊፕ ሻርፕ በ1937 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ለሥራው ታሪክ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ የዛሬን ቆርቆሮ ባሩድ ግን ሻርፕ አልመዘነውም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጓደኛ በሰማሁት መጠን ሞልቼ ምንም አልሆንሁም» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ይህን ቃል በንቀት ማለፍ አይገባም፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ ራሱ ሙከራ ነው። ነገር ግን ምስክርነቱ ለእርሱ ጠመንጃ፣ ለእርሱ ቀለህና ለእርሱ ባሩድ ነው። ወደ ሌላ ሰው በአፍ ሲተላለፍ ቁጥሩ ይሄዳል፤ ጠመንጃው ግን እቤት ይቀራል። አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ይስማማል። እንደ ኩዊክሎድ ያሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም የሚሰጡት ግምት ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄ ለማንሣት ይረዱ ይሆናል እንጂ የተለካ ግፊትን አይተኩም።

የእኛንም ወሰን መናገር ግዴታችን ነው። እኛ አንባቢዎች ነን፤ አልሞላንም፣ አልተኮስንም። ስለ ሠንጠረዦቹ ቁጥሮች ትክክለኛነት መፍረድ አንችልም፤ ልንፈርድ የምንችለው ለፍርድ የሚበቃ ነገር ማቅረባቸውንና አለማቅረባቸውን ነው።

ለአጎታችን የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ የትኛውን ልመን ከማለትህ በፊት እያንዳንዱ ምን እንደ መዘነ አንብብልን» አልነው። በስልክ እየቈጠረ ያነብልን ጀመር። አንደኛው መጽሐፍ የተናገረው ስለ ኤች 4350ና እርሳስ ስላለው አረር ነበር። ሁለተኛው ስለ አይ ኤም አር 4350 ነበር። ሦስተኛው በኤች 4350 የተሞከረ ቢሆንም አረሩ ንጹሕ መዳብ ነበር። ሦስቱም መጻሕፍት አልዋሹም፤ ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን መልሰው ነበር። አጎታችን ያያት የነበረችው 4350 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከፊቷ ያሉትን ፊደላት አላያቸውም። ጥቂት ዝም አለና «እኔ እኮ ትልቁን ልወስድ ነበር» አለን።

በእጁ የነበረው ባሩድ ኤች 4350፣ አረሩም እርሳስ ያለው ነበር። ስለዚህ ቀለሁን፣ መለኮሻውንና አረሩን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ፣ ያልገጠመውን መለኮሻ እስኪለውጥ ድረስ ሥራውን አቆመ። በኋላም መጽሐፉ ከሚሰጠው መነሻ መጠን ጀመረ። አሁን ደብተር ይዟል። በእያንዳንዱ ገጽ ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የቀለሁን ስም፣ በባሩዱ ቆርቆሮ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥርና ሚዛኑን በምን ክብደት እንደ ፈተነ ይጽፋል። ይህ ደብተር ለሌላ ሰው ጠመንጃ አይሠራም፤ እርሱም በሽፋኑ ላይ ይህንኑ ጽፎበታል።

በየላቦራቶሪው ከቀደሙት ተማሪዎች ደብተር የምንቀዳ ጓደኞቻችን ሁሉ ይህን ከአንድ አዳኝ እንድንማር እናሳስባለን። የምንቀዳው ቁጥር ዛሬ ብርጭቆ ቢሰብር ነው። ነገ ግን ከእኛ መካከል አንዱ ሐኪም ሆኖ የመድኃኒት መጠን፣ ሌላው መሐንዲስ ሆኖ የድልድይ ብረት ውፍረት ከሠንጠረዥ ያነባል፤ በዚያን ጊዜ ማን እንደ መዘነውና ምን እንደ መዘነ የሚጠይቀን መምህር በአጠገባችን አይኖርም።